የአባቴ ባላጋራ

አባቴ የዳቦ መኪና ሾፌር ነበር። ስምንት ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጎኑ ተቀምጬ አብሬው እዞር ነበር፤ እናቴ ፖስታ ቤት የምትገባው በማለዳ ስለነበር ቤት ብቻዬን እንዳልቀር ብለው ነው። ከኋላችን እስከ ጣሪያው የተደረደረው ሳጥን ሁሉ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ስለሞላበት ጀርባችን ይሞቃል፣ መስታወቱ በእንፋሎት ይደበዝዛል፣ እኔም በጣቴ ዓይንና አፍ እሥልበታለሁ። ዳቦው ታድሎ ሲያልቅ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ያወርደኛል። ቀኑን ሙሉ ፀጉሬ ዳቦ ዳቦ ስለሚሸት ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ «አንቺ እኮ ታስርቢኛለሽ» ትለኝ ነበር።

የምንኖርበትን ከተማ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ ማዶ ስድስት ደንበኞች ስለነበሩን በየቀኑ ድልድዩን እንሻገራለን። ድልድዩ ረጅምና ከፍ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ጎማችን የብረቱን መጋጠሚያ ሲረግጥ ሳጥኖቹ አንድ ላይ ከፍ ብለው ይወርዳሉ፣ ሆዴም አብሯቸው ከፍ ብሎ ይወርዳል። ከመንገዱ ሁሉ የምወደው እሱን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ አባቴ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው።

«አባዬ፣ ማዶ አንሄድም እንዴ?»

«ድልድዩ እየተጠገነ ነው።»

ዞር ብዬ አየሁ። አንድ አውቶቡስ እስከ በሩ ድረስ ሰው ጭኖ እየተሻገረ ነበር።

«አውቶቡሱስ?»

«እሱ ቀላል ነው» አለኝ።

አውቶቡስ ከእኛ መኪና እንደሚከብድ አባቴም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን መልሱን የሰጠኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ከንፈሩ ደርቆ ስለነበር ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላመንኩት አይደለም። ነገሩ ስለጣመኝ ነው። አባቴ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበርና ከዚህ ውሸት ኋላ ትልቅ ነገር መኖር አለበት ብዬ አሰብኩ።

ማዶ ያሉት ደንበኞቻችን ለሌላ ሾፌር ተሰጡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መኪና መቆም በማይችልበት በፈጣኑ መንገድ መሄድ አቆምን። ቀጥሎ መሿለኪያው ቀረ። ከዚያ ደግሞ መብራቱ ብዙ የሚያቆመው አደባባይ። የሂሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ የከተማውን መንገዶች ሥዬ ነበርና የተተወውን ሁሉ በቀይ እርሳስ እሰርዛለሁ። ቀዩ እየበዛ ከተማው እያነሰ ሄደ። ድሮ በአሥር ደቂቃ የምንደርስበት ሱቅ ጋ ለመድረስ በጠባብ ጠባቡ መንደር ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዞራለን። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ድምፅዋ ከምድጃው በላይ የሚሰማ ሴትዮ፣ አንድ ቀን መኪናው መስኮት ላይ ተደግፋ «አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ዳቦዬ እኮ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚደርሰው» ስትለው ሰማሁ።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነው፣ እትዬ» አላት።

እኔ ግን ሌላም ሌላም እያየሁ ነበር። ብርድ ሆነ አልሆነ የሱ መስኮት ክፍት ነው። የውሃ ጠርሙስ ከጉያው አይለይም፤ አይጠጣውም ግን። አልፎ አልፎ ሁለት ጣቱን አገጩ ሥር አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ምን እንደሚቆጥር ስጠይቀው «ምንም» ይለኛል።

እንቆቅልሹ የተፈታ የመሰለኝ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ነው። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። እናቴ ሳህን ታጥባለች፣ አባቴ ያደርቃል።

«ሐኪሙ ልብህ የፈረስ ልብ ነው አለህ እኮ» አለች እናቴ።

«ሐኪሙ እሱ ሲመጣ አላየማ።»

«እስካሁን ስንቴ መጣ?»

«ድልድዩ ላይ አንዴ። ፈጣኑ መንገድ ላይ ሁለቴ፣ ልጅቷን አውርጄ ስመለስ። አሁን አሁንማ ሳይመጣም አሁን መጣ፣ አሁን መጣ እያልኩ ነው የምውለው።»

«ሲመጣ ምን ያደርግሃል?»

«ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ያንቀኛል። በቃ ሞትኩ እላለሁ።»

ውሃው መፍሰሱን አቆመ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ በዚያ በኩል አትሂድ። ማን አስገደደህ?» አለችው።

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። አባቴ ባላጋራ አለው። ሰውየው ድልድዩ ላይ ይጠብቀዋል፣ ያንቀዋል፣ ደረቱ ላይ ይቀመጥበታል። አባቴ ሦስት የዳቦ ሳጥን ባንድ ጊዜ የሚያነሳ ሰው ስለሆነ የባላጋራውን ግዙፍነት ገመትኩት፤ ካፖርት አለበስኩት፣ ወፍራም አንገትም ሰጠሁት። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። መስኮቱ ክፍት የሚሆነው ለመጮህ ነው። ውሃው ሰውየው ፊት ላይ የሚደፋ ነው። ጣቱን አገጩ ሥር የሚያደርገው የታነቀበት ስለሚያመው ነው።

ዛሬ ያንን ወሬ ሳስታውሰው ይገርመኛል። በቋንቋችን ሰውም «ይመጣል»፣ ሕመምም «ይመጣል»፤ ሁለቱም «እሱ» ናቸው። ከወላጆቼ አፍ የወጣው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። «እሱ» ያሉትን ግን ካፖርት ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ባላጋራውን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ቁልፍ ሠሪ ቢጫ ቀለም የተቀባች ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በግራ በኩል በታጠፍን ቁጥር ከሱቋ ውስጥ አንድ እጅ ለሰላምታ ይነሳል፣ አባቴም ፊቱን ያዞራል። አባቴ ለማንም ሰላምታ የሚነፍግ ሰው አልነበረም፤ ለፖሊስም ለውሻም እጁን ያነሳል። ደግሞ ቁልፍ ሠሪ የማንንም ቤት ቁልፍ መሥራት ይችላል። ይህን ሳስብ ለጥቂት ቀናት የቤታችን በር ላይ ወንበር እያስደገፍኩ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ያዛት?» እያለች ታነሳዋለች።

ነገሩ እንዲሁ በጨዋታ መልክ ሊቆይ ይችል ነበር። የፈተናው ውጤት ግን መጣ። እናቴ ከወንዙ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አስፈትናኝ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ደረጃ አለው። ማለፌን የሚገልጸውን ደብዳቤ እናቴ ራሷ ከፖስታ ቤት ይዛው መጣች። አባቴ ሲሰማ ብድግ አድርጎ አነሳኝ። ጭንቅላቴ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«የትኛው ነው ግን?» አለ እዚያው አየር ላይ እንዳለሁ። «ማዶ ያለው?»

«አዎ» አለች እናቴ።

ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አቆመኝ።

«ሩቅ ነው» አለ። «እዚህ ያለችበትስ ምን ጎደለው?»

እናቴ ደብዳቤውን አጠፈችው፤ መልሳ ደግሞ ዘረጋችው። ሰውየው መንገዳችንን መውሰዱ ሳያንሰው አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቴን ሊወስድ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ንዴቴ ፍርሃቴን በለጠው።

ቅዳሜ እናቴን ጓደኛዬ ቤት ነኝ ብያት ወደ ድልድዩ ሄድኩ። ቁልፍ ሠሪው ማሽኑ ላይ አጎንብሷል፤ ብረቱ ሲፋቅ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ቀና ሲል ካፖርትም ወፍራም አንገትም የለውም። ከሲታ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነበር።

«ምን ላድርግልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አባቴን ለምን ያንቁታል?» አልኩት። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ከዚህ የረዘመ ነበር፤ ሌላው ጠፋብኝ።

ማሽኑን አጠፋው። አባቴ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የዳቦ መኪናው ሾፌር ነው ስለው መነጽሩን አወለቀ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ማንም አላነቀውም። አንድ ቀን ብቻውን ሲሻገር መኪናውን ድልድዩ መሐል ላይ አቁሞ፣ በሩን እንደተከፈተ ትቶ፣ ደረቱን ይዞ ወደዚህ ሮጦ መጣ። ከኋላው ያሉት መኪናዎች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። እዚህ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁት። ማን መታህ ስለው ማንም አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተረጋጋ። አፍሮ ነው መሰለኝ ሳያመሰግነኝ ሄደ። ኮፍያውን እንኳ ረስቶ ነው የሄደው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ባለፈ ቁጥር እጄን የማነሳው እሱን ልስጠው ብዬ ነው።»

ከመደርደሪያው ሥር የአባቴን ሰማያዊ ኮፍያ አውጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አላመንኩትም። ሰው ማንም ሳይመታው ደረቱን ይዞ እንደማይሮጥ አውቅ ነበር።

ማታ እራት ቀርቦ ሳለ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አባቴ ማንኪያውን አውርዶ አየው። እናቴ እኔን አየችኝ።

«ሽማግሌው ማንም አልነበረም አሉ» አልኩ። «ታዲያ የሚመጣው ሰውዬ ማን ነው?»

«የምን ሰውዬ?»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ደረት ላይ መቀመጡን፣ ማነቁን፣ ውሃውን፣ ካፖርቱን። እናቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። ልታለቅስ ነው ስል ሳቋን እየያዘች ነበር፤ ወይም ሁለቱንም። አባቴ ግን አልሳቀም።

«ሰው አይደለም» አለኝ። «ፍርሃት ነው።»

ከልቤ አዘንኩ። ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይደረጋል፤ ለፖሊስም ይነገራል።

«ድልድዩን ነው የምትፈራው?»

«ድልድዩን አይደለም። እዚያ ሆኜ የመጣብኝን ነው። ደግሞ ይመጣብኛል ብዬ ነው።»

«ሲመጣ ስንት ደቂቃ ይቆያል?»

አባቴ ኮፍያውን አነሳ። እናቴን አያት። እሷም መልሱን እንደሚጠብቅ ሰው ታየዋለች።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እሸሻለሁ። እስኪሄድ ጠብቄው አላውቅም።»

«ሐኪሙ እኮ እሱን ነው ያለህ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ቀስ በቀስ ሂድበት፣ እዚያው ቆይ አለህ። አንተ ደግሞ ሁለተኛ ወደ ሐኪሙ ተመልሰህ አልሄድክም።»

እኔን የቆይታው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንድን ነገር ዓመት ሙሉ ፈርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አለማወቅ ሊገባኝ አልቻለም። በነጋታው የእናቴን የእጅ ሰዓት ተውሼ፣ አባቴን ጎትቼ ወደ ድልድዩ ሄድን። እንዴት እሺ እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም። ሴት ልጁ ፊት እምቢ ማለት አፍሮ ይሆናል።

የመጀመሪያው የመብራት ምሰሶ ጋ ስንደርስ ቆመ። መዳፉ እጄ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሆነ።

«መጣ» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ። ደረቱንም አየሁ፤ ከሹራቡ ቁልፍ በስተቀር ምንም አይታይም።

«አሁን የት ነው?»

«ጉሮሮዬ ላይ።»

«አሁንስ?»

«ዝም በይ እስቲ።»

ሰዎች እያዩን ያልፋሉ። አባቴ የድልድዩን አጥር ጨብጦ እንደ ሯጭ ይተነፍሳል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ «እንሂድ፣ እንመለስ» አለኝ፤ «ገና አላወቅንም እኮ» አልኩት። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ትከሻው ወረደ። ወንዙን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ኪሱ ውስጥ የማያውቀውን ነገር እንዳገኘ ሰው ግራ የገባው ፊት ነበረው።

«ፈቀቅ አለ» አለኝ። «ምንም ሳላደርገው።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲጨርስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንሄድ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አንድ ቀን ሃያ ስድስት፣ ሌላ ቀን አሥራ አንድ ይሆናል። ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ቁልፍ ሠሪው በርጩማውን አውጥቶ ተቀምጦ ያየናል፤ አባቴም አንድ ቀን ዓመት ያዘገየውን ምስጋና ሰጠው። ሁሉ ነገር ያማረ መሰለኝ።

ሰባተኛው ቀን መሐል ድረስ ሄድን። አንድ አሸዋ የጫነ መኪና አለፈና ድልድዩ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ። የአባቴ እጅ ከእጄ ወጣ። ዞር ስል ጀርባውን አየሁ፤ እየሮጠ ነው። አልጠራሁትም። አጥሩን ይዤ ቆምኩ፤ በብረቶቹ መካከል ውሃው ሩቅ፣ ቡናማና ፈጣን ነበር። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ከባድ ነገር መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ አባቴ ምን ሲል እንደነበረ የገባኝ እዚያ ነው። እጄን ይዞ ከድልድዩ የመለሰኝ ቁልፍ ሠሪው ነው።

ከአባቴ ጋር ቤት ስንገባ እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለችው። «አሞታል እያልኩ ለዳቦ ቤት የምደውል እኔ፣ በዚያ አትሂድ፣ በዚህ አትሂድ እያልኩ ያመቻቸሁልህ እኔ። እንድታርፍ ብዬ ነበር። አርፈህ ግን አታውቅም። ከነገ ጀምሮ አልደውልም። ልጅቷም ማዶ ትማራለች፤ አንተ ባታደርሳት በአውቶቡስ ትሄዳለች።»

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ጫማውን አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ትናንት ጥዬሽ ሄድኩ» አለኝ። «ይቅር በይኝ። ዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ትመጪያለሽ?»

ሄድኩ። ያ ቀን አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ግን አንሶ አንሶ ክረምቱ ሳያልቅ ባዶውን የዳቦ መኪና ይዘን ተሻገርን። አባቴ በላብ ታጥቦ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጣብቆ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ነዳ። ማዶ ስንደርስ መኪናውን ጥግ አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አሸነፍነው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ በሙሉ አወራሁ። ተሸንፎ ግን አልቀረም። ከዚያ በኋላም በሰባት ዓመት ሦስት አራቴ መጥቷል፤ አባቴ ጥግ ይዞ ይጠብቀዋል፣ ሲሄድ ይነዳል።

የአዲሱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን አባቴ በመኪናው አደረሰኝ። ለዕረፍት ስንወጣ እዚያው በሩ ላይ ነበር። የሽቦ አጥሩን ይዞ ወደ ውስጥ ያያል። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ጥለዋቸው ሄደዋል፤ የኔ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቆሞ ጠበቀኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ዳቦ ቆርሶ አቀበለኝና «እንዴት ነው?» አለኝ። በኩራት ልፈነዳ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። አባቴ እንዴት እንደሚወደኝ ሲነሳ የማወራው እሱን ነው። ባለፈው ዓመት፣ ወላጆቼ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠን፣ ለልጄ ስነግራት እናቴ አባቴን በክርኗ ነካ አደረገችው።

«ንገራት እንጂ» አለችው።

«ምኑን?» አልኩ።

አባቴ አሁን ፀጉሩ ነጭ ነው፤ ሲያፍር ግን ያው እንደ ድሮው አንገቱን ያክካል።

«ናፍቀሽኝ አልነበረም የቆምኩት» አለኝ። «መመለስ አቅቶኝ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ድልድዩን ሁልጊዜ የተሻገርኩት አንቺን ይዤ ነበር። አንቺን አውርጄ ብቻዬን መኪናው ውስጥ ስቀር፣ መሐል ላይ ሆኜ ቢመጣብኝስ አልኩ። ሁለቴ ድልድዩ አፍ ደርሼ ተመለስኩ። የቀረው ዳቦ ሳይታደል ቀዘቀዘ።»

እናቴ አስቀድማ የምታውቀው ስለሆነ አልተገረመችም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ያ ጠዋት ሌላ ሆኖ ፊቴ ቆመ። ለካ ለሱ እንደዚያ የውሃ ጠርሙስ ነበርኩ፤ ከጎኑ መኖሬ ነበር የሚበቃው። ቅር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቅር አላለኝም። እንዲያውም እንደ ልጅነቴ ጥያቄዬ በዛ።

«እና በምን ተመለስክ?»

«እኩለ ቀን ላይ ገባሁበት። መሐል ላይ መጣ። እያለቀስኩ ነዳሁ። ከኋላዬ ያለው መኪና ሲያስጮህብኝ ትዝ ይለኛል።»

«የዳቦ ቤቷ ሴትዮስ?»

«እትዬማ ከነዘመዴ ሰደበችኝ። ከሥራ ልታስወጣኝም ነበር።»

ልጄ ከጭኑ ላይ ሆና ታየዋለች። አባቴ ፀጉሯን ይዳብሳል።

«በማግስቱስ?» አልኩት።

ጥያቄው ግራ እንዳጋባው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

«በማግስቱማ ትምህርት ነበረሽ» አለኝ።